ሰማያዊ ሐይቅ፣ ባዶ መረብ

(ሐዋሳ ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች ከተደረገ የቅዳሜ ከሰዓት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ወንበር አለ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የሚመልሱት ልጆች ብቻ ናቸው። ወላጆች፣ እባካችሁ አታሹክሹኩላቸው። ሐይቅ ቀለሙ ምንድን ነው?

«ሰማያዊ!»

ጎበዞች። አሁን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሐይቁን ያየ እጁን ያውጣ። አንቺ፣ ቢጫ ሹራብ የለበስሽው። ምን ይመስል ነበር?

«አረንጓዴ።»

አያችሁ? ዓይናችን አረንጓዴ ያያል፤ ሥዕል ስንስል እጃችን ሰማያዊውን እርሳስ ያነሳል። የዛሬው ወሬዬ በዓይንና በእርሳስ መሃል ያለው ነገር ነው። አሳውም እዚያው መሃል ነው ያለው።

የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ቋንቋችንም ተባባሪ ነው። «ሰማያዊ» ማለት እኮ «የሰማይ» ማለት ነው። ሐይቁ ሰማያዊ ነው ስንል ሳናስበው ምክንያቱንም አብረን ተናገርን፤ ቀለሙን ከሰማይ ተዋሰ አልን። እኔም ተማሪ ሳለሁ መምህሬን ጠየቅኩ። «ሰማዩ ተንጸባርቆበት ነው፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ብዙ ዓመት እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

ሰማይ ውሃ ላይ አይንጸባረቅም እያልኩ አይደለም። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ተራራውም ደመናውም ተገልብጦ ይታያል። ግን እስቲ ወደ ላይኛው ስምጥ ሸለቆ እንሂድ። ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ጎረቤታሞች ናቸው። በአንድ ቀን ሦስቱንም አይቶ መመለስ ይቻላል። በላያቸው ያለው ሰማይ አንድ ነው። ላንጋኖ ግን ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። ሻላ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩት ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ቀለሙ ከሰማይ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሰማዩ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ለምን ይከለክላል?

(በነገራችን ላይ አንድ ሆቴል ላንጋኖን ፖስተር ላይ ሰማያዊ አድርጎ አሳትሞት አይቻለሁ። እንግዳው ሲደርስ «ውሃው ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ምንም አልነካውም። ላንጋኖ ድሮም ላንጋኖ ነው።)

የሰማይ ነጸብራቅ ነው የሚለውን ሐሳብ የተናገሩት ተራ ሰዎች አልነበሩም። ሎርድ ሬይሊ የሚባሉት እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ለዓለም ያስረዱ ሰው ናቸው። ባሕርስ ሲባሉ የሰማዩ ነጸብራቅ ነው አሉ። እሳቸው ካሉ ማን ይከራከራል? እ.ኤ.አ. በ1921 ቻንድራሴካራ ራማን የሚባል ህንዳዊ ከአውሮፓ በመርከብ ወደ አገሩ ሲመለስ ሜዲትራኒያንን አየና አላመነም። ኪሱ ውስጥ ኒኮል ፕሪዝም የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነበረው። ከውሃ ፊት ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ያስቀራል፤ የፀሐይ መነጽር አንዳንዱ እንደሚያደርገው። በእሱ ሲያይ ነጸብራቁ ጠፋ። ሰማያዊው ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ደመቀ። ቀለሙ የሚመጣው ከውሃው ከራሱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ራማን በዚያው ብርሃንን ሲያሳድድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ታዲያ ውሃ ውስጥ ምን አለ? የተበጠበጠ ቀለም የለም። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይመስላል እንጂ ቀይም፣ ብጫም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም አንድ ላይ የታሰሩበት ነው። የውሃ ሞሌኪውል ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። ኦክስጅኑና ሃይድሮጅኖቹ በጎማ የተያያዙ ይመስል ይሳሳባሉ። ይህ መንቀጥቀጥ ከቀዩ ብርሃን ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ይውጣል። ሰማያዊውን አይነካውም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ውሃ በአንድ ሜትር ብቻ ከጥልቁ ቀይ ግማሽ ያህሉን ሲበላ፣ ከሰማያዊው የሚወስደው ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ሰማያዊው እየተረፈ ወደ ታች ይወርዳል። ከፊሉ ከሞሌኪውሎቹ ጋር እየተላጋ ይበተናል፤ ወደ ላይም ይመለሳል። ዓይናችን የሚያገኘው ያንን ትርፍራፊ ነው።

«እሺ፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ለምን ሰማያዊ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ሻይ አስቡ። በማንኪያ ጭላፊ ብትወስዱ ገርጣ ያለ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ግን ጠቁሮ ይታያል። ሻዩ ያው ሻይ ነው። የውሃ ቀለም ከሻይ በጣም፣ በጣም የቀጠነ ስለሆነ ለመታየት ሜትሮች ይፈልጋል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ንጹሕ ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ ደግሞ ሐይቅ ውስጥ የለም።

ሐይቅ ውስጥ ሁለት ዋና እንግዶች አሉ። አንዱ ደለል ነው። ዝናብ ከተራቆተ ማሳ ጠርጎ ያመጣው አፈር፣ በተለይ እንደ ዱቄት የላመው፣ አይሰፍርም። ሰማያዊውን ብርሃን እሱ ይውጠዋል፤ ተመልሶ የሚመጣው ቡናማና ቀላ ያለው ነው። አርባ ምንጭ ከከፍታው ላይ ቆማችሁ አባያንና ጫሞን ባንድ ዓይን ስታዩ የምትደነቁት ለዚህ ነው። አባያ የሸክላ ቀለም አለው። ጫሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በመካከላቸው ያለችው ቀጭን የመሬት አንገት ደግሞ የእግዜር ድልድይ ትባላለች።

ሁለተኛው እንግዳ ዋቅላሚ ነው፤ አልጌ የሚሉት። በዓይን የማይታይ፣ በጠብታ ውስጥ ብዙ ሆኖ የሚኖር ተክል መሰል ነገር። ሰማያዊውንም ቀዩንም ለምግቡ ይወስዳል፤ አረንጓዴውን ይተወዋል። ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ዛሬ ጠዋት ያየችው እሱን ነው።

አሁን ወደምፈልገው ነገር ደረስኩ። አንድ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ደለልም ዋቅላሚም ሲጎድለው ነው። ሰማያዊው የውሃው የራሱ ቀለም ነው፤ የባዶ ቤት ቀለም። እኛ ፎቶ የምንነሳበት ሐይቅ አሳ ብዙ ጊዜ የሚራብበት ሐይቅ ነው።

ሻላን ተመልከቱ። ጥልቀቱ ከ250 ሜትር ያልፋል፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚስተካከለው የለም። ውሃው ሶዳ ነው። ሶዳ የሚባለው ጨው በዝቶበታል ማለት ነው። ዋቅላሚው ጥቂት ነው። አሳም ወንዝ ከሚገባበት አፍ አካባቢ ካልሆነ አለ ለማለት አያስደፍርም። የሚገርመው ግን ይህ ነው፦ ደሴቶቹ ላይ ፔሊካኖች ይፈለፍሉ ነበር፤ መንቆሩ ሥር ከረጢት ያለው፣ አሳ ካልበላ የማይኖር ወፍ። ቤቱን አሳ በሌለበት ሠርቶ ምግቡን ጎረቤት ይፈልጋል። ድሮ ገበያው አብያታ ነበር። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ሲቀንስ ሶዳው እየከረረ ሄደ፤ አሳው አለቀ። ከዚያ በኋላ ፔሊካኖቹ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ ራቅ ወዳሉት ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው። ደሴቱ ለመኖሪያ ግሩም ነው፤ ጅብም ቀበሮም አይደርስበትም። ግን ኩሽናው ሌላ ከተማ ነው።

የውሃን ጥራት መለካት የፈለገ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባሉ ጣሊያናዊ ቄስ፣ የሥነ ፈለክ ሊቅም ነበሩ፣ በሮማው ጳጳስ መርከብ ላይ ሆነው ነጭ ክብ ነገር በገመድ ወደ ባሕር አወረዱ። ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ የወረደውን ገመድ ለኩ። አለቀ። ዛሬም የዓለም የሐይቅ ተመራማሪ ሁሉ ታንኳ ላይ ተንበርክኮ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እኔም ወጣት ሳለሁ ሞከርኩት። የእናቴን ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ሦስት ቦታ በሳሁ፣ ድንጋይ አሰርኩበት፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ወረወርኩት። ሳህኑ እየወረደ ሄደ፤ ጠፋም። ገመዱን ስስብ ቀለለኝ። ቋጠሮው ተፈቷል። ባቦጋያ ላይ የመጀመሪያው ልኬቴ «መጨረሻ የለውም» ሆነ። እናቴ ሳህኑን እስከዛሬ ትጠይቀኛለች።

በዚህ ዓይነት ልኬት ታሪኩ በደንብ የሚታወቅ አንድ ሐይቅ አለን። ስሙ ሐይቅ ነው። ወሎ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል። («የት ሄድክ?» «ሐይቅ።» «የትኛው ሐይቅ?» «ሐይቅ ሐይቅ!») በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የሄዱ ተመራማሪዎች ነጩን ዲስክ ብዙ ሜትር ወርዶም ያዩት ነበር። ጥልቅና ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት አሳ፣ ተጨመረበት። ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ይሆናል ተብሎ ነው፤ ሆነም። ግን በቀጣዮቹ ዓመታት የሄዱ ሰዎች ሲለኩ ዲስኩ ቶሎ መጥፋት ጀመረ። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል።

አሳ እንዴት አድርጎ ውሃ ያሳድፋል? ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ነው። ሐይቁ ውስጥ ዋቅላሚን የሚግጡ፣ ከስንጥር ያነሱ እንስሳት አሉ። የሐይቁ በጎች ናቸው እንበል። የቆሮሶ ጫጩት ደግሞ እነሱን ይበላል። በጉ ሲያልቅ ሳሩ በቀለ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ቅድም ያልኩትን ስለሚያወሳስብብኝ ነው። ሰማያዊው አሳ የሚራብበት ነው ስል፣ አረንጓዴው አሳ ያመጣል ማለቴ ነበር። እዚህ ግን አሳው ነው አረንጓዴውን ያመጣው።

እዚህ ቤታችን፣ ሐዋሳ፣ ቆሮሶ ንጉሥ ነው። አሞራ ገደል የሄደ ያውቀዋል። ጀልባው ሲደርስ ግርግሩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው ወረፋ ሲጠብቁ፣ ጥሬ አሳ በዳጣ የሚበላው፣ ትኩስ ሾርባ የሚጠጣው። ጾም ሲገባ ዋጋው እንዴት እንደሚሰቀል ለእናቶች አልነግርም። ያ ሁሉ ጥብስ፣ ያ ሁሉ ለብለብ፣ መነሻው አረንጓዴው ውሃ ነው። ያደገ ቆሮሶ ዋናው ምግቡ ዋቅላሚ ነውና።

ይህ ደግሞ ቀላል ምግብ አይደለም። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው የዋቅላሚ ዓይነት ግድግዳው ጠንካራ ነው። ብዙ አሳ ቢውጠው እንዳለ ያልፋል። ቆሮሶ ግን ጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ ከእኛም ሳያንስ የበረታ ነው፤ ግድግዳውን ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ፣ ጆርጅ ሐይቅ ላይ ያጠኑት ሰዎች አንድ የሚያስቅ ነገር አገኙ። አሲዱ የሚመነጨው መብላት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ጠዋት መጀመሪያ የዋጠው ሳይፈጭ አረንጓዴ እንደሆነ ያልፋል። ቆሮሶም እንደ አንዳንዶቻችን ከቁርስ በፊት ሞተሩ አይነሳም።

እናቲቱ ደግሞ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትታቀፈው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። ይህን የምነግራችሁ ከቀለም ጋር ስለሚያያዝ አይደለም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

«አረንጓዴ ሁሉ አሳ ነው» ብላችሁ እንዳትሄዱ ግን። ቢሾፍቱ አጠገብ ስሙ ራሱ አረንጓዴ የሚባል የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። ጎመን ተፈጭቶ የፈሰሰበት ይመስላል። ስፒሩሊና የሚባለው ዋቅላሚ ነው፤ አሁን በዱቄትና በክኒን የሚሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ የታወቀ ጥናት ይህንንና ቂሎሌ ሐይቅን ወስዶ የጠየቀው፣ በውሃ ውስጥ ፎቶሲንተሲስ ቢበዛ ቢበዛ ምን ያህል ሊደርስ ይችላል የሚለውን ነው። ጣሪያውን ለማየት ከዓለም ሐይቆች የእኛዎቹ ተመረጡ ማለት ነው። ግን ውሃው ሶዳ ነው። ያ ሁሉ ድግስ ተዘርግቶ አረንጓዴ ሐይቅ ላይ የሚበላ አሳ የለም።

አሁን ወደ ጣና። ጣና ሰማያዊም አረንጓዴም አይደለም። ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ንፋስ ሲነሳ ታቹን ያማስለዋል። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የደጋውን አፈር ይዘው ይገባሉ።

በዚህ ደፍራሳ ውሃ ውስጥ የዓለም ሊቃውንት ከሆላንድ ድረስ የመጡለት ተአምር አለ። ባሕር ዳር ላይ «ነጭ አሳ» የሚባለው ነው። (አርባ ምንጭ ላይ ነጭ አሳ ብትሉ ናይል ፐርች ነው የሚመጣላችሁ። ሳትጠይቁ አትዘዙ።) የጣናው ነጭ አሳ አንድ አሳ አይደለም። 15 ያህል ዝርያ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸው፣ ሐይቁ ውስጥ ተከፋፍለው አደጉ። አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ አንዱ ጭቃ ይቆፍራል፣ ስምንቱ ደግሞ አሳ ያድናሉ። ይህ ዘር መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ድድ ብቻ ይዞ አሳ የሚያድን ነው እያልኳችሁ ያለሁት። በዓይኑ አይቶ፣ አሳድዶ፣ መጥጦ ይውጣል።

በዓይኑ አይቶ። ውሃው ሲደፈርስ እንዲህ ዓይነቱ አዳኝ ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ የባሰው ግን መረብ ነው። ነጭ አሳ ለመራባት በክረምት ወደ ወንዞቹ ይወጣል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እናቶቹን ከነእንቁላላቸው ያፍሳል። ከእ.ኤ.አ. 1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ክብደቱ ሲመዘን ነጭ አሳ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። እምቦጭ ገና ጣና ላይ ሳይታይ ነው ይህ።

ስለ ቀለም አንድ ታሪክ ጨምሬ እጨርሳለሁ፤ ፍቅር አለበት፤ ታዳጊዎች ነቃ በሉ። ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በታንዛኒያ በኩል፣ ዘመዳሞች የሆኑ ሁለት ትናንሽ አሳዎች አሉ። የአንዱ ወንድ ሰማያዊ ነው፤ ወደ ላይ ያለውን ውሃ ይወዳል። የሌላው ወንድ ቀይ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ቀዩ በታንዛኒያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ ስም ተሰይሟል። ቪክቶሪያ ደፍረስ ያለ ስለሆነ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሰማያዊው ብርሃን ያልቃል፤ የሚተርፈው ወደ ቀይ ያለው ነው። ቀይ ሙሽራ እታች ይደምቃል፣ ሰማያዊው እላይ። ሴቶቹ የራሳቸውን ወንድ የሚለዩት በቀለሙ ነው። ተመራማሪዎች በገንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው መብራት ሲያበሩባቸው መለየት አቃታቸው፤ ያገኙትን አገቡ። እ.ኤ.አ. በ1997 ይኸው ነገር ሐይቁ ላይም ታየ። ከእርሻና ከከተማ በሚገባ ነገር ውሃው በጣም በደፈረሰበት ቦታ የወንዶቹ ቀለም ደብዝዟል፤ ዝርያውም ቀንሷል። ጠላትም በሽታም ሳይኖር፣ ማን ማን እንደሆነ አልታይ ስላለ ብቻ ዝርያ ይጠፋል።

እንግዲህ በቃኝ። ጥያቄ ያለው? እሺ፣ ቢጫ ሹራብ፣ አሁንም አንቺ።

«አሳውስ ሐይቁን ምን ዓይነት አድርጎ ያየዋል?»

ይህን ጥያቄ ከአዋቂ ሰው ሰምቼው አላውቅም።

ወደ ጎን ሲያይ እንደኛ ነው፤ እዚህ ሐዋሳ ከሆነ አረንጓዴ ጉም ያያል። ወደ ላይ ሲያይ ግን ነገሩ ይለያል። ብርሃን ወደ ውሃ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ከላይ ያለው ዓለም በሙሉ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ፣ በአንድ ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል። ሰማዩም፣ ጀልባውም፣ ዛፉም እዚያ ክብ ውስጥ ናቸው። ከክቡ ውጭ ያለው የውሃው ጣሪያ መስታወት ነው፤ የሐይቁን ውስጥ መልሶ ያሳየዋል። ለኛ ሐይቁ ላይ የሚንጸባረቀው ሰማይ ነው። ለሱ ጣሪያው ላይ የሚንጸባረቀው ሐይቁ ነው።

«ሥዕል ቢስልስ?»

ወረቀቱን በሙሉ አረንጓዴ ይቀባዋል። መሃሉ ላይ አንዲት ክብ ሰማያዊ ያደርጋል። ዳር ቆመሽ ከሆነ ደግሞ ከክቡ ጠርዝ ላይ፣ ዝርግት ብለሽ፣ በቢጫ ሹራብሽ።